የግራ ዓይኔ ሹመት

ሰው ሁለት ዓይን ሲሰጠው የትኛው አለቃ፣ የትኛው ምንዝር እንደሆነ አብሮ አይነገረውም። ብዙው ሰው ይህን ሳያውቅ ይኖራል፣ ሳያውቅም ይሞታል፤ የሚጎድልበት ነገር የለም። እኔም በዚህ ሰላማዊ ድንቁርና ውስጥ በኖርኩ ነበር፤ ባለቤቴ ጌታሁን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሶዶ ከተማ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ባለው ሜዳ ላይ ቆሞ የሌላ ሴት አቋቋም ባያደንቅ ኖሮ።

«አየሽ አቋቋሟን?» ነው ያለኝ።

አንባቢ ይፍረደኝ። ባል ስለ ሌላ ሴት ዓይን ቢናገር በዘፈን የሰማውን ደገመ ተብሎ ይታለፋል። ስለ ፀጉሯ ቢናገር ዓይኑ ድንገት አርፎባት ይሆናል። ስለ አቋቋሟ የሚናገር ባል ግን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ተመልክቶ፣ መርምሮ፣ ሐሳቡንም አጠቃሎ የጨረሰ ሰው ነው።

ሴትዮዋ ሲስተር ማርታ ትባላለች፤ ወደ ዱቦ በኩል ካለ አንድ ሐኪም ቤት የምትሠራ ነርስ ናት። አባቷ ወታደር ስለነበሩ ሌሎች ልጃገረዶች ጥልፍ በሚማሩበት ዕድሜ እርሷ ሽጉጥ ተምራለች። ስትተኩስ ጎኗን ለዒላማው ትሰጣለች፤ ቀኝ ክንዷን እንደ በር መቀርቀሪያ ቀጥ አድርጋ ትዘረጋለች፤ ግራ እጇን ወገቧ ላይ ታሳርፋለች፤ ከዚያም አንድ ዓይኗን፣ እንደ ደህና ቤት መስኮት፣ ያለ ድምፅ ትዘጋለች። ይህን ሁሉ እንኳ በይቅርታ ባለፍኩት ነበር። እኔን «እትዬ» እያለች፣ ባሌን ግን በደረቁ «ጌታሁን» እያለች መጥራቷን ነው ያልቻልኩት። ጌታሁን በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ያውም በብዙ።

ነገሩ ያለ ምክንያት አልተነሣም። በዚያ ዓመት፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው፣ ኮሪያ ዘምተው የተመለሱት ሻምበል ደምሴ ለመስቀል በዓል የዒላማ ውድድር አሰናዱ። ሽጉጡ የእርሳቸው፣ ቅሉ የገበያ፣ ሽልማቱ አንድ የደለበ ሰንጋ ነበር። ተወዳዳሪው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይቀርባል፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ለእያንዳንዱ ጥንድ በእንጨት ጫፍ ላይ የተሰኩ ቅሎች በረድፍ ይቆሙለታል። ደንቡም አንድ ነው፤ ሻምበሉ በከፍተኛ ድምፅ ሲያውጁት እንዲህ ይላል፦ «የተሰበረ ቅል ለባለ ረድፉ ይቆጠራል!»

ወላይታን የማያውቅ አንባቢ «አንድ ሰንጋ ምን ያስጨንቃል?» ይል ይሆናል። እዚህ አገር መስቀል ያለ ሰንጋ አይወጣም፤ ድሃው እንኳ ከጎረቤቱ ተቧድኖ፣ ዓመቱን ሙሉ ቆጥቦ በሬ ይጥላል። አብረው ያረዱ ሰዎችም አብረው ይቀመጣሉ፤ ሥጋውን በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ እያጠቀሱ፣ እየተጎራረሱ፣ ቀኑን ሙሉ ይበላሉ። እንግዲህ ጌታሁንና ማርታ ተጣምረው ቢያሸንፉ፣ ሰንጋው በማን ደጅ እንደሚታረድ፣ ከሰንጋውም ዙሪያ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ማሰብ ነው። ጌታሁን በከተማው ከሻምበሉ ቀጥሎ የተመሰከረለት ተኳሽ ነው፤ የጎደለው ሴት አጣማሪ ብቻ ነበር። ማርታም የጎደላት ወንድ አጣማሪ ብቻ ነበር። ሒሳብ አስተማሪ አይደለሁም፤ ሳይንስ ነው የማስተምረው። ይህቺን ድምር ለመደመር ግን ሒሳብ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ስለዚህ በተከታዩ እሑድ ልምምድ ላይ ሻምበል ደምሴ «ሌላ የምትሞክር ሴት የለችም?» ብለው ሲጠይቁ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለሁ በክርክር መድረክ እንኳ ያልወጣሁት እኔ፣ «እኔ አለሁ» አልኩ።

ጌታሁን ዞሮ ተመለከተኝ። የተመለከተኝ፣ ድስት ክዳኑን ከፍቶ ቢናገር እንደሚመለከተው ዓይነት ነበር።

«ጎንዎን ይስጡ፣ እሜቴ» አሉኝ ሻምበሉ።

«ለማን?»

«ለቅሉ ነዋ! ለማን ሊሰጡ ኖሯል?»

ጎኔን ሰጠሁ። ሽጉጡን በቀኝ እጄ ተቀብዬ ክንዴን ዘረጋሁ። ሻምበሉ በዙሪያዬ አንድ ጊዜ ዞሩና ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ግራ እጅዎ። ክርንዎን ምን ሊያደርግ ደግፎታል?»

ዝቅ ብዬ ባይ፣ ግራ እጄ ማንም ሳያዘው ሄዶ ከቀኝ ክርኔ ሥር ገብቷል። እኔ ባደግኩበት ቤት ለታላቅ ሰው ውኃም ሆነ መጽሐፍ፣ ክርኗን ሳትደግፍ የምታቀብል ልጅ ያለ ቁንጥጫ አትውልም። እጄ ከእኔ ይልቅ አስተዳደጉን ያስታውሳል።

«እሜቴ፣ የሚልኩት ጥይት ነው፤ እጅ መንሻ አይደለም! ቅሉ አይቀየምዎትም!»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ማርታም ሳቀች፤ ግን አፏን በእጇ ሸፍና፣ በጨዋነት። በግልጽ ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። የጨዋ ሳቅ መልስ የለውም።

ግራ እጄን አስወግጄ በነጠላዬ ጫፍ አሰርኩት ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የዓይን ነገር መጣ። «ግራውን ይዝጉ» ተባልኩ። ግራውን ስዘጋ ቀኙ አብሮ ይዘጋል። ቀኙን ስከፍት ግራው ይከፈታል። እንደ መንታ ልጆች አንዱ ካልተኛ አንዱ አይተኛም። በመጨረሻ ሻምበሉ ታክቷቸው «እንግዲያው እንዳሉ ይተኩሱ!» አሉና ቃታውን ሳብኩ። ጥይቴ ከቅሉ በስተግራ የአፈሩን ቁልል መታ። ሁለተኛው በስተግራ። ሦስተኛውም በስተግራ። ቅሉ ባለበት ቆሞ በትዕግሥት ይመለከተኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ጌታሁን «መጥፎ አይደለም» አለ። ባሎች ይህን ቃል የሚያወጡት ወጥ ሲያርር ነው።

«ለመስቀሉ ግን… ማርታን ብጠይቃት ምን ይመስልሻል? ለሰንጋው ብዬ ነው።»

«እንደ ወደድክ» አልኩት።

አማርኛ ሰፊ ቋንቋ ነው፤ እርግማኑም ብዙ ነው። ሚስት ከምትናገረው «እንደ ወደድክ» የሚከፋ ግን የለም። ጌታሁን የእርሻ ባለሙያ ስለሆነ ደመና ያነባል፤ ሚስት ማንበብ ግን አልተማረም። «እንግዲያው ከዲምቱ ስመለስ እጠይቃታለሁ» ብሎ በማግስቱ ለሥራ ወጣ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ግን የጠረጠረም ካልተዘጋጀ እንደሚመነጠር ስለማውቅ ወደ ዝግጅቴ ገባሁ። አሳቤ እጅግ የተስተካከለ ነበር። ዓይኔ በፈቃዱ የማይዘጋ ከሆነ በግድ ይዘጋል፤ በግድ ከተዘጋም ውሎ አድሮ ይለምዳል። ግራ ዓይኔን በጥጥ ሸፈንኩ፤ በጥጡም ላይ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ፕላስተር በመስቀለኛ ለጠፍኩ። እንዲህ ሆኜ በመስታወት ፊት በባዶ እጄ አነጣጠርኩ፤ እንዲህ ሆኜ ወጥ ሠራሁ፤ ለልማዱ ስል እንዲህ ሆኜ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

«መምህርት፣ ምን ሆኑ?» አሉኝ ባልደረቦቼ።

«ምንም።»

ጎረቤቶች «ውይ! ዓይንሽ ምን ነካው?» አሉ።

«ምንም።»

በተፈጥሮዬ ቁጥብ ነኝ፤ የቤቴን ነገር አደባባይ አላወጣም። ዓይኗን ሸፍና «ምንም» የምትል ሚስት ከሺህ ቃል በላይ እንደ ተናገረች ግን አላሰብኩም ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዷ ጎረቤት ቅቤ ይዛ መጣች። ሌላዋ ገብስ አስፈጭታ ላከችልኝ። ሁሉም እጄን እየጨበጡ «አይዞሽ፣ ቻይው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የማርታን ነገር የሰሙ መስሎኝ፣ አንገቴን ደፍቼ «እችለዋለሁ» እላለሁ።

ጌታሁን ከዲምቱ በተመለሰበት ከሰዓት በኋላ፣ ጫማው ላይ ያለው አቧራ ሳይራገፍ፣ በገዛ በረንዳው ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው አገኘ። በመካከል ያሉት የጸሎት ቤቱ ሽማግሌና የቅርብ ጎረቤታችን አቶ አንጁሎ ነበሩ፤ ከተማው ሁሉ የሚያከብራቸው፣ የተጣላ ባልና ሚስት ሳያስታርቁ እህል የማይቀምሱ ሰው።

«ሳሮ፣ ልጄ ጌታሁን» አሉት፤ በወላይትኛ ሰላምታቸው ነው። «ተቀመጥ።»

ሰው በገዛ ቤቱ «ተቀመጥ» ሲባል ነገር አለ ማለት ነው። ጌታሁን ተቀመጠ።

«ምን ተፈጠረ?»

«እሱን አንተ ንገረን።»

«እኔ እኮ አሁን ከዲምቱ መግባቴ ነው!»

«አዎ። ሰው ይመታል፣ ይሄዳል። ይቺ ነገር የታወቀች ናት።»

ከውስጥ ሆኜ ስሰማ ደነገጥኩ፤ ወጣሁ። ጌታሁን በመስቀለኛ ፕላስተር የታሸገውን ፊቴን ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ሽማግሌዎቹ ግን መልሰው አስቀመጡት።

«አቶ አንጁሎ፣ ማንም አልመታኝም» አልኩ፤ ቃሌን እየመረጥኩ። «ዓይኔን የሸፈንኩት ሽጉጥ መተኮስ ለመለማመድ ነው።»

አቶ አንጁሎ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ‘በር መታኝ’ ያለች ሴት አስታርቄአለሁ። ‘ላም ረገጠኝ’ ያለችም አስታርቄአለሁ። አንቺ ግን ተምረሻል፤ ሰበብሽም ተማረች። እስቲ ግለጪውና እንየው።»

ደስ እያለኝ ገለጥኩት፤ እውነት ይወጣል ብዬ። ፕላስተሩ ግን ቅንድቤን ግማሽ በግማሽ ይዞ ነው የወጣው። ከሥሩ ያለው ቆዳ በሙጫው ተቆጥቶ እንደ በሰለ በርበሬ ቀልቷል፤ የዓይኔ ቆብ አብጧል፤ ብርሃን አጥቶ የሰነበተው ዓይኔም ፀሐይ ሲመታው እንባውን ያለ ልክ ለቀቀው። ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ አፍ «ውይ!» አሉ። ጌታሁን እንኳ የገዛ እጆቹን ገልብጦ ተመለከታቸው፤ ሳይነግሩት ያደረጉት ነገር ይኖር እንደሆነ የጠረጠራቸው ይመስል ነበር።

ፍርዱ አልዘገየም።

«ጌታሁን ይቅርታ ይጠይቅ» አሉ አቶ አንጁሎ። «ደግሞም መስቀል እስኪያልፍ ድረስ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሚስትህ ካጠገብህ አትለይ። ገበያ ሄድክ፣ ካጠገብህ። ሰርግ ሄድክ፣ ካጠገብህ። ሰው ያያችሁ።»

«ሜዳውም ላይ?» አልኩ እንባዬን እየጠረግሁ።

«ሜዳውም ላይ!»

ጌታሁን አንድም ጊዜ ላልሰነዘረው ጥፊ ይቅርታ ጠየቀ። እኔም ይቅር አልኩት፤ ያልኩት ስለ ጥፊው ሳይሆን ስለ አቋቋሙ ነገር እንደሆነ ግን በልቤ አስመዘገብኩ። ማርታ በማግስቱ ከቦዲቲ ከመጣ ወፍራም ነጋዴ ጋር ተጣመረች ተባለ። ነጋዴው ከዚያ በፊት ሽጉጥ ይዞ እንደማያውቅ ስሰማ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እራቴን በደንብ በላሁ።

ከዚህ ወዲያ ጌታሁን እኔን ከማሠልጠን በቀር ምርጫ አልነበረውም። የሻምበሉን ሽጉጥ ተውሶ አመጣ። ከቤታችን ጀርባ ቆመን «አሁንስ የትኛውን እንሸፍን?» ቢለኝ፣ ጥይቶቼ ሁሉ በአንድ ወገን የሄዱበት ምክንያት ትዝ አለኝና ነገሩን እንደ ትምህርት ያዝኩት። ሁለቱንም ዓይኖቼን ከፍቼ ጣቴን በዳሞታ ጫፍ ላይ አነጣጠርኩ። ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ብከድን ጣቴ ከተራራው ጫፍ ንቅንቅ አላለም። ግራውን ብከድን ግን ጣቴ ዘልሎ ከተራራው ወርዶ ቁጭ አለ።

«አለቃው ግራው ነው» አልኩት።

«ዓይንም አለቃ አለው እንዴ?»

«አለው። እጄ ቀኝ ነው፣ ዓይኔ ግን ግራ ነው። ሽጉጡን በቀኜ ዘርግቼ በግራ ዓይኔ ሳነጣጥር አፈሙዙ ወደ ግራ ይሸሻል። ይኸውልህ፤ ሸፍኜ ያሠቃየሁት ሹሙን ነው፤ በምንዝሩ ልተኩስ ብዬ።»

ጌታሁን ጣቱን ወደ ተራራው ዘርግቶ እርሱም ሞከረ። የእርሱ አለቃ ቀኙ ሆነ። «በአንድ ቤት ሁለት አለቃ» ብሎ ሳቀ።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ጎን መስጠቱን ተውኩት፤ ቅሉን ፊት ለፊት ገጥሜ፣ እግሮቼን ከፈት አድርጌ ቆምኩ። ሽጉጡን በሁለት እጄ ይዤ ከግራ ዓይኔ ትይዩ አመጣሁት፤ ሻምበሉ ያባረሩት ግራ እጄም በክብር ተመልሶ ከመያዣው ሥር ገባ። ዓይኖቼ ሁለቱም እንደ ተከፈቱ ተኮስኩ። ቅሉ ፈነዳ! ጌታሁን «እሰይ!» ብሎ ጮኸ፤ መጥቶም ክርኔን ከሥር ደግፎ እንዴት ሳልደክም እንደምይዘው ያሳየኝ ጀመር። ያ ከሰዓት በኋላ ከሠርጋችን ወዲህ ካሳለፍናቸው ሁሉ የተሻለው ነበር፤ እኔው በጥያቄዬ እስካበላሸው ድረስ።

«የማርታንም ክርን እንዲህ ትይዘው ነበር?»

«ኧረ የማርታ ክርን ድጋፍ አያስፈልገውም» አለኝ።

«አልያዝኩም» ማለት በቂ ነበር። ወንድ ልጅ አጭር መልስ እያለ ረጅሙን ለምን እንደሚመርጥ እስከ ዛሬ ያገኘሁት ጥናት የለም።

የውድድሩ ቀን ከዳሞታ የሚወርድ ነፋስ ሜዳውን ይገርፈው ነበር። ማርታ በግራችን ካለው ረድፍ ቆማ ገና ስታየን መጣች።

«እትዬ፣ ዓይንዎ ተሻለዎት? ጌታሁን፣ ምነው ወደ ሐኪም ቤት ሳታመጣቸው?»

«እርስዎ» ተብዬ ባረጀሁበት ቅጽበት ባሌ «አንተ» ተብሎ ወጣት ሆነ። «ተሽሎኛል፣ ልጄ» አልኳት። «ልጄ» የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ ጥርሴን ፋቀችው።

ሌሎቹ ጥንዶች እየወደቁ ሄደው በመጨረሻ ሁለት ረድፍ ቀረ፤ የእኛና የማርታ። የቦዲቲው ነጋዴ ከቅል በቀር ሁሉን ነገር መታ፤ ማርታ ብቻዋን ረድፉን ተሸከመችው። ጌታሁን ድርሻውን አልሳተም። እኔም፣ ትምክሕት አይሁንብኝና፣ አላሳፈርኩትም። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ረድፍ አንዳንድ ቅል ቀረ። የማርታ የመጨረሻ ጥይት በነፋሱ ሳተች። ነጋዴውም ጥይቱን ጨርሷል። ከሜዳው ሁሉ የቀረችው ጥይት በእኔ እጅ ያለችው ብቻ ናት። የራሳችንን ቅል ከሰበርኩ ሰንጋው የእኛ ነው፤ ብስት እንደገና እንገጥማለን።

ቅሉን ፊት ለፊት ገጠምኩ። ሁለት እጅ፣ ሁለት ዓይን፣ አንድ አለቃ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሜዳው ትንፋሹን ያዘ። በዚህ መሐል በስተግራዬ የባሌ ድምፅ በለሆሳስ እንዲህ ሲል ሰማሁ፦

«ማርታ፣ በርዶሻል እኮ። እንቺ፣ ካፖርቴን ደርቢ።»

ራሴን አላዞርኩም፤ በዚህ ምስክር አለኝ። የዞረው ዓይኔ ነው። ወደ ግራ፣ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፤ የካፖርቱ እጅጌ በትከሻዋ ላይ ሲወርድ ለማየት የሚበቃ ያህል ብቻ። አለቃ ሲዞር ደግሞ ጭፍራው ሁሉ ይዞራል፤ እጄም ዞረ፣ አፈሙዙም ዞረ፣ ቃታውም ተሳበ።

ቅል ፈነዳ። በሜዳው ከተሰበሩት ቅሎች ሁሉ እንደዚያ ልቡን ተመትቶ የተበተነ አልነበረም። የማርታ ቅል ነበር።

ከዚያ ሻምበል ደምሴ፣ ኮሪያ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላዩ በሚያሳብቅ ድምፅ፣ «የተሰበረ ቅል ለባለ ረድፉ ይቆጠራል!» ሲሉ አወጁ። የቦዲቲው ነጋዴ እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ። ከባለቤቴ በቀር ያቀፈኝ የመጀመሪያው ወንድ እርሱ ነው፤ የቅቤ ነጋዴ መሆኑንም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ምን አይተሽ ነው?» አለ ጌታሁን፣ ቅሉን በዓይኑ እየፈለገ።

«ካፖርትህን» አልኩት።

የእኛ ቅል ከእንጨቱ ጫፍ ላይ ሙሉ እንደሆነ ቀረ። ጌታሁንም ወደ ቅሉ አየ፣ ወደ ማርታ አየ፣ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያም፣ ባል ሆኖ ከተቆጠረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚናገረውን ከመናገሩ በፊት አሰበና ዝም አለ።

ሰንጋው በማርታ ደጅ ታረደ። እርሷም ጨዋ ስለሆነች «እትዬ፣ ግማሹ የእርስዎ ነው» ብላ ላከችብን። ቀረሁ ብል ቂመኛ፣ ሄድኩ ብል ቅል ሰባሪ፤ ሄድኩ። አቶ አንጁሎ ፍርዳቸው ሲፈጸም ለማየት ከፊታችን ተቀምጠው ነበር። ጌታሁን በመካከል፣ እኔ በቀኙ፣ ማርታ በግራው ሆንን። ዳጣው ቀርቧል፤ ሥጋው ተቆርጧል። ጥቂት እንደ በላን ማርታ መርጣ፣ ቆርጣ፣ በዳጣ አሽታ አንድ ጉርሻ አዘጋጀች።

«ይህቺ ስለ ካፖርቱ ናት፣ ጌታሁን» አለችና ክንዷን ዘረጋች። ክንዷ አልተንቀጠቀጠም። አነጣጠረች።

ከዚያ ርቀት ግን ነፋስ የለም፣ ረድፍም የለም። ወደ ባሌ ፊት ለፊት ዞርኩ፤ ሁለቱም ዓይኖቼ ክፍት ነበሩ፤ የእኔ ጉርሻ ቀድሞ ደረሰ። ዳጣውን ምናልባት አብዝቼበት ይሆናል፤ የጌታሁን ዓይኖች ወዲያው እንባ ሞሉ፣ አፉ ግን ሞልቷልና አንድ ቃል አልወጣውም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል፤ እኔም ጠብ አልወድም፤ ፊተኛውን ውጦ ሳይጨርስ ሁለተኛውን አስከተልኩ።

አቶ አንጁሎ የጌታሁንን እንባ አይተው «ይኸውላችሁ፣ ተጸጸተ» አሉ በደስታ።

ማርታ ክንዷን እንደ ዘረጋች ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ጉርሻዋን ራሷ ጎረሰችው።